ቤተ መጻሕፍቱ የሙቀት መጠጊያ ይሁን ሲባል መጻሕፍቱ ምን ይሁኑ?

የንባብ_አዳራሽ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። አሁን አሁን ስለ ቤተ መጻሕፍት የወደፊት ሚና የሚጻፈው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያደላ ነው፦ በሙቀት ማዕበል ጊዜ ሰው ይጠለልበት፣ መብራት ሲጠፋ ስልክ ይሞላበት፣ ዘር ያውስ፣ መሣሪያ ያውስ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ዘላቂነትን ከዋና እሴቶቹ አንዱ አድርጎ ተቀብሏል፤ በዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) ሥርም ይህንኑ የሚከታተል ቡድን ከ2009 ጀምሮ አለ። ሐሳቡን እደግፋለሁ። የማጣው ዝርዝሩን ነው። መጠጊያውም ማከማቻውም ያው አንድ ሕንፃ ስለሆነ፣ አንዱን እናሳካለን ስንል ሌላውን እንዳናበላሽ እሰጋለሁ።

ለመነጋገር እንዲያመች አንድ ሕንፃ እናስብ። ሁለት ፎቅ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ 120 ካሬ ሜትር የንባብ አዳራሽ፣ ከመሬት በታች ደግሞ 40 ሺህ ጥራዝ የያዘ ማከማቻ። በሙቀት ቀን 60 ሰው አዳራሹ ውስጥ እንዲውል ይፈለጋል። ይህ ለመጻሕፍቱ ምን ያህል ያሰጋል? ማከማቻው እዚያው ይቆይ ወይስ ይነሣ? መብራት ቢጠፋ ለ8 ሰዓት የሚያዘልቅ ሶላርና ባትሪ መጠኑ ስንት ነው? የዘርና የመሣሪያ ውሰትስ ከልቡ የሚሠራ ነገር ነው ወይስ ለወግ ያህል? በቁጥር የምትመልሱልኝ ባለሙያዎች ብትኖሩ ደስ ይለኛል።

---

ጥራዝ_ጠጋኝ

ስጋትዎ ልክ ነው። ከማይታየው ልጀምር፤ ከትንፋሽና ከላብ።

አንድ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲያነብ በሰዓት ከ50 እስከ 70 ግራም ውሃ ወደ አየር ይለቃል። 60 ሰው በሰዓት ከ3 እስከ 4 ሊትር፣ በ8 ሰዓት ወደ 30 ሊትር ይሆናል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ከዚያም ያልፋል። ይህ ውሃ የትም አይጠፋም። በደረጃው፣ በአሳንሰሩ ጉድጓድና በአየር ቱቦው አልፎ ቀዝቀዝ ወዳለው ክፍል ይወርዳል። 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው አየር ለመጽሐፍ የሚያስፈራ አይደለም። ያው አየር 20 ዲግሪ ወደሆነ ማከማቻ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ግን እርጥበቱ 90 በመቶ ይደርሳል። ሻጋታ ደግሞ ከ65 በመቶ በላይ ከቆየ ሥራውን ይጀምራል። «ከመሬት በታች ቀዝቃዛ ስለሆነ ለመጽሐፍ ይስማማል» የሚለው ልማድ ስህተት የሚሆነው በሙቀት ወቅት ነው፤ ክፍሉ የቀዘቀዘውን ያህል እርጥበት ይስባል።

ስለዚህ 60 ሰው ይግባ፤ የአዳራሹና የማከማቻው አየር ግን አይገናኝ። በመካከላቸው ራሱን የሚዘጋ፣ ዙሪያውን ጎማ ያለው በር ይኑር። የአየር ማቀዝቀዣው ከአዳራሹ የሚመልሰው አየር በማከማቻው ቱቦ አይለፍ። ማከማቻው ውስጥ እርጥበት መጣጭ መሣሪያ ይቀመጥና የሚያወጣው ውሃ በቀጥታ ወደ ፍሳሽ ይሂድ። ባልዲ ውስጥ የሚያጠራቅሙት ባልዲው ሲሞላ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ይህ የሚሆነውም ብዙውን ጊዜ ሠራተኛ በሌለበት ቅዳሜና እሑድ ነው። ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግቡ ሦስት ትንንሽ መሣሪያዎች ይበቃሉ፦ አንዱ አዳራሹ ውስጥ፣ አንዱ ማከማቻው መካከል፣ አንዱ ውጭውን በሚነካው ግድግዳ የታችኛው ጥግ። ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ጥግ ነው፤ መለኪያው ግን ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ተሰቅሎ ይገኛል። 60 በመቶ ሲነካ ምክንያቱ ይፈለግ፣ 65 ሲነካ ሥራ ይቁም።

ማከማቻውን በተመለከተ ፍርዴ ግልጽ ነው፤ የማይተካ ነገር ከመሬት በታች አይቀመጥ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ፍሎረንስን ሲያጥለቀልቅ የብሔራዊ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ንብረት ተጎዳ፤ በታችኛው ወለልና ከመሬት በታች ነበር የተቀመጠው። ሐምሌ 1997 የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት በአንድ ሌሊት ጎርፍ ተሞልቶ ከ400 ሺህ በላይ ጥራዝ ረጠበ። ላይኛው ፎቅም ቢሆን ዋስትና የለውም። ሐምሌ 2017 ፊኒክስ በሚገኘው በርተን ባር ቤተ መጻሕፍት ማዕበል ጣሪያውን አናግቶ የእሳት ማጥፊያ የውሃ ቱቦ ሰበረ፤ ውሃው ከላይ እስከ ታች ወርዶ ቤቱ ለአንድ ዓመት ገደማ ተዘጋ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ጃገር ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሚያዝያ 2021 በሰደድ እሳት ተቃጠለ፤ የእሳት መዝጊያዎቹ ምድር ቤቱን ከነበልባል አዳኑት፣ እሳቱ የጠፋበት ውሃ ግን ወርዶ እዚያ ያለውን አራሰው።

ከዚህ የምወስደው፣ ብርቅ የሆነው ነገር በመካከለኛው ወለል፣ ከመጸዳጃ ቤትና ከውሃ ቧንቧ ራቅ ብሎ ይቀመጥ የሚል ነው። 40 ሺውን ሁሉ ማንሣት ካልተቻለ፣ ሌላ ቦታ ቅጂ የሌላቸውን 2 ሺህ ያህል መርጦ ማንሣት ይቻላል። እዚያው የሚቀሩት የታችኛው መደርደሪያቸው ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ተጨናንቀውም አይደርደሩ። የረጠበ መጽሐፍ ያብጣል፤ አላላውስ ብሎ የተጠቀጠቀ መደርደሪያ በእብጠቱ ብቻ ይገነጠላል። አንድ የሚዘነጋ ነገር ደግሞ አለ። ጎርፍ በበር ብቻ አይገባም፤ የከተማው ፍሳሽ ሲሞላ በወለሉ የፍሳሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ይገነፍላል። እዚያ ላይ መልሶ የማያስገባ ቫልቭ ይገጠም፣ አጠገቡም ውሃ ሲነካው የሚጮህ ማንቂያ ይቀመጥ።

---

ጥላና_ንፋስ

ጥራዝ_ጠጋኝ ባሉት ላይ ከሕንፃ በኩል ማስጠንቀቂያ አለኝ። መጽሐፍ ወደ ላይ ማውጣት ወለሉን ሳያሰሉ አይደረግም። በአሜሪካ የግንባታ ደረጃ የንባብ ክፍል ወለል በካሬ ሜትር 290 ኪሎ ገደማ፣ የመደርደሪያ ክፍል ወለል ግን 730 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ይነደፋል። ለንባብ በተሠራ ወለል ላይ ረጃጅም መደርደሪያ አጠጋግቶ መደርደር ከታሰበለት እጥፍ በላይ መጫን ነው። ሦስት እርከን ያላቸው አጫጭር መደርደሪያዎች በሰፊው ቢቀመጡ ይሻላል፤ ከዚያ ያለፈውን ግን የመዋቅር መሐንዲስ ይየው።

ወደ ሙቀቱ ልሂድ። ቅደም ተከተሉ ጥላ፣ ጣሪያ፣ የሌሊት አየር፣ ማራገቢያ፣ በመጨረሻ ማሽን ነው። ብዙ ዕቅድ ከማሽኑ ይጀምርና ገንዘቡ እዚያው ያልቃል። መስኮት ላይ የሚሠራው ጥላ ከውጭ ይሁን፤ የውስጥ መጋረጃ የሚይዘው አንዴ መስታወቱን አልፎ የገባ ሙቀት ነው። ጥቁር ጠፍጣፋ ጣሪያ በፀሐይ 65 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይግላል። ነጭ አንጸባራቂ ቀለም ከ25 ዲግሪ በላይ ሊያወርደው ይችላል። ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ግን ስንጥቁ ይደፈን፣ የውሃ መውረጃው ይጠረግ፣ ውሃ የሚያቁረው ቦታ ይስተካከል። ውሃ በሚያቁርበት ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል፤ ሲላጥም መውረጃውን ይደፍንና ፍሳሹን ራሱ ይፈጥራል።

ለ60 ሰው የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ እንዲህ ይሰላል። አንድ የተቀመጠ ሰው 115 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ 60ው 7 ኪሎ ዋት። ለእያንዳንዱ ሰው በሴኮንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እናስገባ ብንል፣ ውጭው 38 ዲግሪ ውስጡ 27 ቢሆን ያንን አየር ማቀዝቀዝ ብቻውን 8 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ለግድግዳ፣ ለመስኮትና ለመብራት 5 ብንጨምር 20 ኪሎ ዋት ላይ እንደርሳለን፤ ከኤሌክትሪክ የሚሳበው ከ6 እስከ 7 ኪሎ ዋት ነው። ውስጡን 22 ዲግሪ እናድርግ ካልን የንጹሕ አየሩ ድርሻ ብቻ ወደ 11.5 ይወጣል። 27 ዲግሪ ከጣሪያ ማራገቢያ ጋር ለተጠለለ ሰው በቂ ነው፤ የሚንቀሳቀስ አየር ከ2 እስከ 3 ዲግሪ የቀዘቀዘ ያህል ይሰማል። ማራገቢያ ብቻውን ግን ወሰን አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ40 ዲግሪ በላይ ማራገቢያ ሰውነትን ያሞቃል ይላል።

ሁለት ስህተቶች በተለይ መጻሕፍትን ይጎዳሉ። አንዱ ከሚገባው በላይ ትልቅ ማቀዝቀዣ መግዛት ነው። ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ስለሚቆም አየሩን ለማድረቅ ጊዜ አያገኝም፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ክፍል ይተዋል። ሁለተኛው በውሃ ትነት የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነው። ርካሽ ነው፣ ብዙ መብራት አይበላም፣ ለሰውም ደስ ይላል፤ ነገር ግን በሰዓት ብዙ ሊትር ውሃ አየር ላይ ይረጫል። መጽሐፍ ባለበት ሕንፃ ውስጥ አላስገባውም።

ባትሪው። 12 አምፖል በ10 ዋት፣ 8 ማራገቢያ በ50 ዋት፣ 20 ስልክ በ10 ዋት፣ ለኢንተርኔት 20 ዋት፣ ለመድኃኒት ትንሽ ፍሪጅ በአማካይ 40 ዋት፤ ድምሩ 780 ዋት ነው። በ8 ሰዓት 6.2 ኪሎ ዋት ሰዓት። የባትሪውን ኃይል ለቤት መሣሪያ የሚለውጠው ኢንቨርተር የሚያባክነውን 10 በመቶ ስንጨምር 6.9፣ ሊቲየም ባትሪው ከያዘው 80 በመቶው ብቻ እንዲራገፍ ስናደርግ 8.7 ኪሎ ዋት ሰዓት፤ በ51.2 ቮልት 170 አምፒር ሰዓት ማለት ነው። በሊድ አሲድ ከሆነ ግማሹን ብቻ ስለምንጠቀም 14 ገደማ ይሆናል። በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ለሚገኝበት ቦታ 450 ዋት የሆኑ 5 ፓኔሎች ለደመናማ ቀን ትርፍ ይተዋሉ። ማቀዝቀዣውን በዚህ ባትሪ አስነሣለሁ ብሎ ማሰብ አይገባም፤ እሱ ለ8 ሰዓት ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ባትሪው ጎርፍ ስላለ ከመሬት በታች አይቀመጥ፣ እሳት ስላለ ከመደርደሪያ ጋርም አይጎራበት። የውጭ ግድግዳና የአየር መውጫ ያለው የራሱ ክፍል ይኑረው። የፓኔሎቹ ብሎንም ብርቅ መጻሕፍት ካሉበት ክፍል በላይ ያለውን ጣሪያ አይብሳ።

ከጥራዝ_ጠጋኝ ጋር የምለያይ አይመስለኝም እንጂ፣ ብዙ ቤቶች ማከማቻውን ዓመት ሙሉ 20 ዲግሪና 50 በመቶ ላይ ቸንክረው ለመያዝ የሚያቃጥሉት ኤሌክትሪክ ራሱ የችግሩ አካል ነው። የቢዞት ቡድን የሚባለው የታላላቅ ሙዚየሞች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መመሪያ ለአብዛኛው ንብረት ከ16 እስከ 25 ዲግሪ፣ ከ40 እስከ 60 በመቶ እርጥበት ይፈቅዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን እርጥበቱ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዋዥቅ። ማሽኑን ሌሊት ለጥቂት ሰዓታት አጥፍቶ ሁለት ሳምንት መዝጋቢውን ማየት ነው፤ መስመሩ ካልተዛነፈ ይቀጥላል።

የሰደድ እሳት ጭስ ላለበት አካባቢ፦ የአየር ማጣሪያው ደረጃ ሜርቭ 13 (ደቃቅ የጭስ ብናኝ የሚይዝ) ይሁን። ነገር ግን የቆየ ማሽን ያንን ጥቅጥቅ ማጣሪያ የሚገፋ አቅም ላይኖረው ስለሚችል መጀመሪያ ይለካ። ጥላሸት መጽሐፍ ላይ ካረፈ በእርጥብ ጨርቅ አይነካ፤ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። በደረቅ የጥላሸት ስፖንጅ ነው የሚነሣው።

---

የውሰት_ጠረጴዛ

ሕንፃው ተስተካክሎ ሰው ላይመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1995 በቺካጎ የሙቀት ማዕበል ከ700 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ቤታቸውን ዘግተው ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች «የሙቀት መጠጊያ» የሚል ሰሌዳ አይተው አይመጡም፤ ራሳቸውን እንደ ተረጂ አይቆጥሩምና። ቤተ መጻሕፍት ከሌላው መጠለያ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ የገባን ሰው ለምን መጣህ የሚለው የለም። ስለዚህ ስሙ አይቀየር፣ በር ላይ ምዝገባና መታወቂያ አይጠየቅ። ጋዜጣው፣ ጀርባና ክንድ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ይኑር። ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር፣ ለ60 ሰው 120 ሊትር ብሎ ማዘጋጀት ነው። ጠርሙሱ ክዳን ይኑረው እንጂ አዳራሹ ውስጥ ውሃ መከልከሉ ይቅር።

ሰዓቱ ከሁሉ ይበልጥ ይታሰብበት። ቤቶች ውስጣቸው በጣም የሚግለው እኩለ ቀን ላይ አይደለም፤ ግድግዳው የዋለበትን ሙቀት ከአመሻሽ ጀምሮ ነው ወደ ውስጥ የሚለቀው። ቤተ መጻሕፍቱ ከሥራ ሰዓት ጋር አብሮ ከተዘጋ ሰውን በክፉው ሰዓት ወደ ክፉው ቦታ መለሰው ማለት ነው። በሙቀት ቀናት ጠዋቱን አሳጥሮ እስከ ምሽት 3 ሰዓት መክፈት ይሻላል። በር መክፈት መምጣት ለሚችሉት ነው፤ መውጣት ለማይችሉት ደግሞ ስልክ ይደወል። ፈቃዳቸውን የሰጡ አረጋውያን አባላት ዝርዝር አስቀድሞ ይዘጋጅና ሠራተኞች በቀን ሁለት ጊዜ ይደውሉላቸው።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነርስ አይደለም፤ ግን ሁለት ነገር መለየት አለበት። ብዙ ላብ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከሆነ ያስተኙት፣ ያቀዝቅዙት፣ ውሃ ያጠጡት፤ በ30 ደቂቃ ካልተሻለው አምቡላንስ ይጠራ። ንግግሩ ከተወላገደ፣ ከተደናገረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ሳይጠበቅ ይጠራ፤ እስኪመጣም መላ ሰውነቱ በውሃ እየረጠበ ይራገብ። ያልነቃ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ አይጨመር። አንድ ሠራተኛ ብቻውን አዳራሽ አይጠብቅ።

ይህ ሁሉ ውሳኔ በዕለቱ የሚፈጠር መሆን የለበትም። ትንበያው ስንት ዲግሪ ሲል ሰዓቱ እንደሚራዘም፣ ማን እንደሚወስን፣ ማራገቢያውም ቆሞ አዳራሹ ከጋለ ሰዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ በአንድ ገጽ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ።

---

ዘር_መዝጋቢ

ስለ ዘር ውሰት «ለወግ ያህል ነው ወይ» ላሉት፦ እንደ አያያዙ ነው። ፖስታ ውስጥ የገባ ዘር ፀሐይ የሚነካው መስኮት ዳር ከተደረደረ ከወግ አያልፍም። ዘር የሚኖረው በደረቅነትና በቅዝቃዜ ነው። በውስጡ ያለው ውሃ ከ14 እስከ 5 በመቶ ባለው መካከል በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀቱ በ5 ወይም 6 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥርም እንዲሁ። 10 ዲግሪ ላይ፣ ከ50 በመቶ በታች እርጥበት ውስጥ፣ አየር በማያስገባ ብርጭቆ ማስቀመጥ ለውሰት ይበቃል። ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥጥ ጠጠር) ከዘሩ እኩል ክብደት ተደርጎ አብሮ ይታሸግ።

የሚዋሰው ይመለሳል ከተባለ፣ ሲመለስ ያው ዘር መሆኑ መታወቅ አለበት። ቦሎቄ፣ አተር፣ ቲማቲምና ሰላጣ ራሳቸውን ስለሚያዳቅሉ ለጀማሪ ይሰጣሉ። በቆሎ፣ ዱባና ጎመን ግን ከጎረቤት እርሻ ይዳቀላሉ፤ በቆሎ ቢያንስ 200 ሜትር ርቀት ይፈልጋል። እነሱን ለሚያውቅ ሰው ብቻ አውሱ፣ አለበለዚያ የማይመለስ ስጦታ አድርጋችሁ መዝግቡ። በየዓመቱ 20 ፍሬ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ ብቅለቱን መቁጠር ነው፤ ከ14 በታች ከበቀለ ክምችቱ ይታደስ። መለያው ላይ የዝርያው ስም፣ የተሰበሰበበት ቦታና ዓመት፣ ዝናቡ እንዴት እንደነበር ይጻፍ። ካታሎግ መሥራት የሚያውቅ ቤት ከማንም የሚበልጠው በዚህ ነው።

ጥራዝ_ጠጋኝ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ይደግፉልኛል፦ ዘር ነቀዝና አይጥ ይጠራል፤ ሁለቱም ወደ መጽሐፍ ይሻገራሉ። የመጣ ዘር ከደረቀ በኋላ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለአንድ ሳምንት ይቀዝቅዝ፣ ከመደርደሪያ ክፍል ውጭም ይቀመጥ።

ስለ መሣሪያ ባጭሩ። የበርክሊ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ መሣሪያ ሲያውስ ኖሯል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ለአየር ንብረቱ የሚጠቅሙት የኤሌክትሪክ ፍጆታ መለኪያ፣ የእርጥበት መለኪያ፣ ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ፣ ከጎርፍ በኋላ ደግሞ ፓምፕና እርጥበት መጣጭ ናቸው። ቤንዚን የነካው መሣሪያ ሕንፃው ውስጥ አይደር።

---

የንባብ_አዳራሽ (ጠያቂ)

ከጠበቅሁት በላይ ነው፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎም ሌሊት ውሃ ቢገባ፣ የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንዴት ይያዙ? ማከማቻው ውስጥ ያሉ የቆዩ የዝናብና የሙቀት መዝገቦችስ?

---

ጥራዝ_ጠጋኝ

ዘር_መዝጋቢ ያሉትን እደግፋለሁ።

የረጠበ መጽሐፍ መጀመሪያ የክብደት ጥያቄ ነው። ዘመናዊ ወረቀት በአማካይ የክብደቱን 60 በመቶ ውሃ ይጠጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ1840 በፊት የተሠራው 80 በመቶ። እያንዳንዳቸው 600 ግራም የሚመዝኑ 1,000 መጻሕፍት 360 ሊትር ውሃ ይሸከማሉ። ስለዚህ ሳጥን ከሦስት አራተኛው በላይ አይሞላ፤ ወለልም ከአቅሙ በላይ አይጫን።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። በሞቀ ክፍል ሻጋታ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይታያል። ከ200 ጥራዝ በላይ ከረጠበ ሁሉን በአየር አደርቃለሁ ማለት ግማሹን ለሻጋታ መስጠት ነው። በረዶ ማድረግ ሰዓቱን ያስቆማል፦ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ የበለጠ ቅዝቃዜ። የቀዘቀዘ መጽሐፍ ወራት ይጠብቃል፤ ውሳኔው በሰከነ አእምሮ ይደረጋል።

አስተሻሸጉ እንዲህ ነው። የተዘጋው አይከፈት፣ የተከፈተው አይዘጋ፣ የተጣበቀ ገጽ አይላጥ። በአንዱና በሌላው መካከል የሰም ወረቀት ይግባ። ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የተሰፋው ጀርባ ወደ ታች ሆኖ በአንድ ረድፍ ይቁም፤ በሌላ አቅጣጫ ከሆነ ገጾቹ በራሳቸው ክብደት ከሽፋኑ ይገነጠላሉ። የሳጥኑ ቁጥርና የመደርደሪያው ስም በእርሳስ ይጻፍ፤ ቀለም ይለቃል። አንጸባራቂ ወረቀት ያላቸው መጽሔቶችና የሥዕል መጻሕፍት ይቀድማሉ። በ6 ሰዓት ውስጥ ፍሪዘር ካልገቡ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቆዩ። እንደረጠቡ ከደረቁ አንድ ጡብ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ፍሪዘር የማይገቡም አሉ፦ የመስታወት ፎቶግራፍ፣ የድምፅና የምስል ካሴት። ብራናና ቆዳ ለብቻ ተለይቶ ለባለሙያ ይሰጥ፤ ሙቀት ከነካው ይሸበሸባል።

ጠርዙ ብቻ የራሰው በአየር ይደርቃል። በእግሩ ቆሞ እንደ ማራገቢያ ይከፈት፣ በየ20 ገጹ ውሃ መጣጭ ወረቀት ይግባበት፤ የገባው ወረቀት ውፍረት ከመጽሐፉ አንድ አምስተኛ ካለፈ ጀርባው ይሰነጠቃል። በየጥቂት ሰዓቱ ይቀየር። ማራገቢያው ወደ ግድግዳ ይዙር እንጂ መጽሐፉን አይምታ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ሽፋኑን ያጣምመዋል። ከፍሪዘር የሚወጣው ደግሞ አየር በተመጠጠበት ክፍል ሲደርቅ በረዶው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ተን ይለወጣል፤ ቀለም የማይፈሰው ለዚህ ነው። ይህ ማሽን በሌለበት፣ በረዶ የማይቋጥር ፍሪዘር ጥቂት መጻሕፍትን በወራት ውስጥ ቀስ ብሎ ያደርቃል።

ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሥራ ይሠራ፤ ከቀዝቃዛ መጋዘን ጋር በጽሑፍ መስማማት። መጋዘኑ የምግብ ከሆነ የፍሳሽ ውሃ የነካውንና የሻገተውን አይቀበልም፤ ትክክልም ነው። ስለዚህ የሚላከው ፍሳሽ ያልነካውና ሳይሻግት ቶሎ የሚደርሰው ብቻ መሆኑ ውሉ ላይ ይግባ።

---

ዘር_መዝጋቢ

የዝናብ መዝገቦቹ ከሁሉ በፊት ይነሡ። የትም ቅጂ የላቸውም፤ ለአየር ንብረት ጥናትም ያለፈ ዘመን ልኬት ዳግመኛ አይለካም። በስካነር በ400 ነጥብ በኢንች ይቀረጹ። ቁጥሮቹን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተይቡና ይነጻጸሩ፤ የተለያዩበት ብቻ ከምስሉ ጋር ይታይ። ስህተት የሚመስል ቁጥር አይታረም፣ አጠገቡ ማስታወሻ ይጻፍ። መለኪያው የተተከለበት ቦታ፣ የሚነበብበት ሰዓትና መለኪያ አሃዱ አብረው ይመዝገቡ፤ ያለ እነሱ ቁጥሩ ለማንም አይጠቅምም። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። «ሌላ ቦታ» ማለት ደግሞ በዚያው ወንዝ ዳር ያለ ሌላ ሕንፃ ማለት አይደለም።

---

ጥላና_ንፋስ

ከሳጥኑና ከሰም ወረቀቱ በፊት የሚቀድም አለ። ውሃ ወደቆመበት ምድር ቤት ማንም እግሩን ከማስገባቱ በፊት መብራቱ ከዋናው ማጥፊያ ይጥፋ። ሶላር ካለ ዋናው ቢጠፋም ኢንቨርተሩ በባትሪው መስመሩን ሊያስነሣ ይችላል፤ ፓኔሎቹም ፀሐይ እስካለ ድረስ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። የኢንቨርተሩ፣ የባትሪውና የፓኔሎቹ ማጥፊያዎች መሬት ወለል ላይ፣ ከጎርፍ መስመር በላይ፣ በጨለማ በሚነበብ ትልቅ ጽሑፍ ተለይተው ይቀመጡ።